«ደረሰ» የሚለው ቃልና የመኪና ቀበቶ፦ የልጅን መድረስ በምን እንለካ?

(በፋኩልቲያችን የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል። የአገር ውስጥ ሕጎች ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈው ሁሉ «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት አለው።)



የታሪክ መምህር ስለ ልጆች የመኪና መቀመጫ ሊናገር መቆሙ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ጉዳዩ የመሐንዲስና የሐኪም ነው የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ከሥሩ ያለው ጥያቄ በጣም አሮጌ ነው እላለሁ። አንድ ልጅ ለአንድ ነገር መድረሱን የሚወስነው ማን ነው? የሚወስነውስ በምን መለኪያ ነው? ይህ ጥያቄ በጋብቻ፣ በትምህርት፣ በእረኝነትና በጾም ላይ ለዘመናት ሲጠየቅ ኖሯል። ዛሬ ደግሞ በተሽከርካሪ ውስጥ ይጠየቃል። በተለምዶ «ቡስተር» የሚባለውን ከፍ ማድረጊያ መቀመጫ የሚጠቀም ልጅ መቼ ነው እሱን ትቶ በአዋቂ ቀበቶ ብቻ መታሰር የሚችለው? ከዚያስ በፊት ወደ ከፍ ማድረጊያው መሸጋገር ያለበት መቼ ነው?

የዛሬው ንግግሬ ጭብጥ አንድ ነው። ዓመት መቁጠር ልጅን የሚጠብቅበት ጉዳይ አለ፤ አካልን መለካት የሚጠብቅበት ሌላ ጉዳይ አለ። የመኪና ቀበቶ ከሁለተኛው ወገን ነው። ሁለቱን ያምታታ ሕግ፣ ወይም ያምታታ ወላጅ፣ ሳያውቅ ልጁን ያጋልጠዋል። በአገራችን ሁኔታ ደግሞ ይህ ስሕተት ከሌላው ዓለም ይልቅ ብዙ ልጆችን ይነካል።

1. ቋንቋችን ምን ይላል?

ከቋንቋው ልጀምር። በአማርኛ «ልጁ ደረሰ» ስንል ስንት ዓመት እንደሞላው አልተናገርንም። ለአንድ ነገር በቅቷል ማለታችን ነው። «ለአቅመ አዳም ደረሰ»፣ «ለአቅመ ሔዋን ደረሰች» በሚሉት አነጋገሮች ውስጥ የተቀመጠው ቃል «አቅም» እንጂ «ዕድሜ» አይደለም። «ነፍስ ያወቀ ልጅ» የሚለውም መለኪያው ማስተዋል ነው። ለእህልም ለሰውም በአንድ ግስ እንጠቀማለን። ገብሱ ደረሰ፤ ልጁም ደረሰ። ገብሱ መድረሱን ለማወቅ የአርሲ ደጋ ገበሬ ወሩን ያውቃል፤ ነገር ግን በወሩ ብቻ ማጭድ አያነሣም። ዛላውን ቆርጦ በመዳፉ ያሸዋል፣ ፍሬውን በጥርሱ ይሞክራል።

በጢቾ አካባቢ ያደግን ሰዎች ይህን አስተሳሰብ ከፈረስ ጋር አያይዘን እናውቀዋለን። ጢቾ በቀድሞው አስተዳደር ከጭላሎና ከአርባ ጉጉ ጋር የአርሲ አውራጃ የነበረች፣ ፈረስ የኑሮ መሣሪያ የሆነባት ደጋ ናት። በኮርቻ ላይ የተቀመጠ ልጅ እግሩ እርካብ ካልረገጠ ኮርቻው ለእሱ ልክ እንዳልሆነ ማንም ያያል፤ ይህን ለማወቅ የልደት ቀኑን የሚጠይቅ የለም። ጥያቄው ስለ ልጁ ብቻም ሳይሆን ልጁና መሣሪያው ስለ መገጣጠማቸው ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ መኪናው ስንደርስ እንመለስበታለን።

ይህን ስል ግን ቁጥር ከውጭ የመጣ ባዕድ ነገር ነው ማለቴ አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅን በ40፣ ሴት ልጅን በ80 ቀን ታጠምቃለች። የኦሮሞ የገዳ ሥርዓት እርከኖች በስምንት ስምንት ዓመት የተሰፈሩ ናቸው። አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ቦረና ገዳ ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ልጅ የሚገባበት እርከን በአባቱ እርከን ስለሚወሰን፣ የሰውየው ዕድሜና የተመደበበት እርከን የማይገጣጠሙበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በቁጥር የተሠራ ሥርዓት ከሰውየው አካል ጋር ሊለያይ እንደሚችል የሚያሳይ ማስረጃ ከራሳችን ታሪክ ውስጥ አለን።

2. ጆሮ መንካትና የልደት ምስክር ወረቀት

ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙዎቻችሁ ቀኝ እጃችሁን በራሳችሁ ላይ አዙራችሁ ግራ ጆሯችሁን እንድትነኩ ተጠይቃችሁ ወደ አንደኛ ክፍል የገባችሁ ናችሁ። በታንዛኒያና በፊሊፒንስም ሲሠራበት የኖረ ዘዴ ነው። የሕፃን ራስ ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ፣ ክንዱም አጭር ነው፤ ልጁ እያደገ ሲሄድ ክንዱ ይረዝምና ወደ ስድስትና ሰባት ዓመት ገደማ ጆሮው ላይ ይደርሳል። የልደት ቀን በማይመዘገብበት አገር ይህ ብልህ መፍትሔ ነበር። ሰው ልደቱን የሚያስታውሰው «በጣሊያን ጊዜ»፣ «አብዮቱ በፈነዳ ዓመት» ወይም «በሰባ ሰባቱ ድርቅ» እያለ ነበርና።

ዘዴው ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። በምግብ እጥረት ምክንያት አካሉ ያልዳበረ ልጅ አእምሮው ለትምህርት ቢደርስም ክንዱ አልደረሰምና ለሚቀጥለው ዓመት ይባል ነበር። ለፊደል መቁጠር የክንድ ርዝመት ምን ያደርጋል? እዚህ ላይ አካልን መለካት የተሳሳተ መለኪያ ነበር። በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መደበኛውን ትምህርት በ7 ዓመት ማስጀመሩ ከዚህ አንጻር እርምጃ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 760/2004 ደግሞ ዕድሜን በወረቀት ለማረጋገጥ መንገድ ከፍቷል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው በሲቪል መዝገብ የተመዘገበው 3 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል።

የጋብቻው ታሪክ ደግሞ ቁጥር ልጅን እንዴት እንደሚጠብቅ ያስተምረናል። «ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች» የሚለው ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከጋብቻው ጥቅም በሚያገኙ ሰዎች ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት ወሰነ፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ሁለቱንም 18 አደረገ። ቁጥሩ ጥሩ መለኪያ የሆነው ልጅቷን ለመዳር የቸኮለ ሰው እንደ ፍላጎቱ ሊለጥጠው ስለማይችል ነው።

እንግዲህ ሁለት ትምህርት ይዘናል። አንደኛ፣ መለኪያው ለጥያቄው የሚስማማ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ውሳኔው ጥቅም ላለው ሰው ግምት መተው የለበትም። አሁን ወደ ተሽከርካሪው እንግባ።

3. ቀበቶው የተሠራው ለማን ነው?

ዛሬ የምናውቀውን ሦስት ጫፍ ያለውን ቀበቶ የሠራው ኒልስ ቦሊን የተባለ የቮልቮ መሐንዲስ ነው፤ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1959። ቀበቶው ሁለት ክፍል አለው። አንዱ በደረትና በትከሻ ላይ፣ ሌላው በዳሌ ላይ ያርፋል። ጥበቡ ያለው ኃይሉ የሚያርፍበትን ቦታ በመምረጡ ላይ ነው። መኪና ሲጋጭ የሰውየውን ክብደት የሚሸከሙት ጠንካራ አጥንቶች፣ በተለይም ዳሌ፣ እንዲሆኑ ታስቧል። የታሰበው ሰው ግን አዋቂ ነው።

የልጅ ዳሌ ገና አልጠነከረም፤ ቀበቶውን ይዞ የሚያስቀረው የፊተኛው የዳሌ አጥንት ጉብታ እስከ 10 ዓመት ገደማ በሚገባ አይወጣም። ከዚህ ሌላ የልጅ ታፋ አጭር ነው። ጀርባውን አስደግፎ ቢቀመጥ ጉልበቱ ወንበሩ ጠርዝ ላይ አይታጠፍም፤ ስለዚህ እንዲመቸው ወደ ፊት ይንሸራተታል። በዚህ ጊዜ የዳሌው ቀበቶ ወደ ሆድ፣ የትከሻው ቀበቶ ወደ አንገት ይወጣል። ግጭት ሲደርስ ቀበቶው አንጀትንና የጀርባ አጥንትን ይጎዳል። ጋሬትና ብራውንስቲን የተባሉ ተመራማሪዎች በቀበቶ ምክንያት የሚደርሱ እንዲህ ያሉ የሆድና የጀርባ ጉዳቶችን እ.ኤ.አ. በ1962 በአንድነት ገልጸው ስም ሰጥተዋቸዋል።

መፍትሔው ቀላል ሆነ። ቀበቶውን ወደ ልጁ ማውረድ ካስቸገረ ልጁን ወደ ቀበቶው ከፍ ማድረግ ነው። በስዊድን በርቲል አልድማን እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ ኋላ የሚያይ የሕፃን መቀመጫ ሠርቶ ሞከረ፤ ቮልቮ ደግሞ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መገባደጃ ለትልልቆቹ ልጆች ከፍ ማድረጊያውን አወጣ። የሚገርመው በዚያው ዘመን ስዊድናውያን ከአርሲም አልራቁም። የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ማለትም ካዱ፣ በስዊድን ርዳታ እ.ኤ.አ. በ1967 በአሰላ ተቋቁሞ የተሻሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ ያከፋፍል ነበር። ዘሩ ከሃምሳ ዓመት በፊት ደረሰን፤ መቀመጫው ግን አሁን ገና መድረሱ ነው።

ጥቅሙስ ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ሰፊ ጥናት ከ4 እስከ 7 ዓመት ያሉ ልጆች ከፍ ማድረጊያ ሲጠቀሙ፣ በአዋቂ ቀበቶ ብቻ ከታሰሩት ይልቅ የመጎዳት ዕድላቸው በ59 በመቶ እንደሚያንስ አግኝቷል።

4. «ወይም» የምትለው ቃል

ሕግ አውጪዎች ለዚህ ምን መለኪያ መረጡ? የመጀመሪያው ሕግ የወጣው በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ብዙ የታገለለትም ሮበርት ሳንደርስ የተባለ የሕፃናት ሐኪም ነበር። ሕጉ ከ4 ዓመት በታች ያሉትን የሚመለከት ሆኖ፣ አዋቂ ሕፃኑን ካቀፈው ግን መቀመጫ አያስፈልግም የሚል ቀዳዳ ነበረው። ሳንደርስ ይህን ቀዳዳ አጥብቆ ተቃወመ፤ እ.ኤ.አ. በ1981ም ተዘጋ። የእናት እቅፍ የማይችለው ነገር እንዳለ ለማመን ለዚያም ኅብረተሰብ ከባድ ነበር ማለት ነው።

ስሌቱን እንየው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በእናቱ ክንድ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ከ200 ኪሎ ክብደት ጋር ይስተካከላል። ይህን የሚይዝ ክንድ የለም፤ የሚይዝ ፍቅርም የለም።

በአውሮፓ የቆየው የመቀመጫ ደረጃ ልጆችን በክብደት ይከፋፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ላይ የዋለው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 129 ግን ወደ ቁመት ዞሯል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ 150 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ ልጅ በልጆች መቀመጫ እንዲቀመጥ አዝዞ፣ አገሮች ከፈለጉ 135 ሴንቲ ሜትር ማድረግ እንዲችሉ ፈቀደ። በብሪታንያ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ልጁ 12 ዓመት ወይም 135 ሴንቲ ሜትር፣ ቀድሞ የመጣው፣ እስኪሞላው ድረስ ነው። ጀርመን 12 ዓመት ወይም 150 ሴንቲ ሜትር ትላለች።

ተማሪዎቼ፣ ሰነድ ስታነቡ ትንንሽ ቃላትን አትለፉ። እዚህ ውስጥ ትልቁ ጉዳይ «ወይም» ላይ ነው። አንደኛው በር ለረጅሙ ልጅ ተከፍቷል፤ ሁለተኛው፣ የዕድሜው በር፣ ለአጭሩ ልጅ ተከፍቷል። ልጁ 12 ዓመት ስለሞላው ብቻ ቁመቱ ምንም ይሁን ምን ከመቀመጫው ይወርዳል። አብዛኛው ልጅ በሚገባ በሚያድግበት አገር በዚህ በር የሚወጡ ልጆች ጥቂት ናቸው። በእኛ አገር ግን ጥቂት አይደሉም።

5. የመቀንጨር ሒሳብ

እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው በጣም ያጠሩ ነበሩ። ይህ የዘር ጉዳይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ባካሄደው ጥናት መልካም ምግብና እንክብካቤ ያገኙ ሕፃናት እድገታቸው በእጅጉ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። የልጆቻችን ማጠር የታሪካችን አሻራ ነው እንጂ ተፈጥሯቸው አይደለም።

በድርጅቱ የ2007 (እ.ኤ.አ.) መለኪያ የ11 ዓመት ልጃገረድ መካከለኛ ቁመት 145 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በብዙ አገሮች ለአዋቂ ቀበቶ መነሻ ተደርጎ የሚመከረውም ይኸው 145 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የተደረገ ጥናት እንዲያውም ወደ 148 ሴንቲ ሜትርና 37 ኪሎ ያስጠጋዋል። በዚሁ መለኪያ የቀነጨረች የምትባል የ12 ዓመት ልጅ ቁመቷ 137 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። «12 ዓመት» የሚል ሕግ ቢኖረን ይህች ልጅ ቢያንስ ስምንት ሴንቲ ሜትር ሲጎድላት «ደርሰሻል» ይላታል። ቀድሞ በምግብ የተበደለችውን ልጅ ሕጉ በመኪና ውስጥ ሁለተኛ ይበድላታል።

እንግዲህ የሁለቱ ዘመናት ስሕተት ተቃራኒ መሆኑን አስተውሉ። በትምህርት ቤቱ በር ላይ የቀነጨረውን ልጅ የበደለው የአካል መለኪያ ነበር፤ ዓመት መቁጠር ካሠው። በመኪናው በር ላይ ግን የሚበድለው ዓመት መቁጠር ነው፤ የሚክሰው የአካል መለኪያ ነው። ምክንያቱም ፊደል የሚቆጥረው አእምሮ ነው፤ ቀበቶ የሚያርፈው ግን አጥንት ላይ ነው።

6. በእኛ መንገዶች ላይ

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወጣው መንገድ ከ1,600 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ2,400 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ በቆጂና ወደ ጢቾ ደጋዎች ይቀጥላል። ትናንት በእግር ወይም በፈረስ የሚሄድ ልጅ ዛሬ በሚኒባስና በአባዱላ ይሄዳል። በእነዚህ ተሽከርካሪዎች ውስጥ «ልጁ ደርሷል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በየቀኑ ይጠየቃል፤ የሚጠየቀው ግን በገንዘብ ነው። ጭን ላይ ከታቀፈ አይከፈልለትም፤ ወንበር ከያዘ ይከፈልለታል። እናት «ገና ሕፃን ነው» ትላለች፤ ረዳቱ «ትልቅ ልጅ ነው» ይላል። የሁለቱም መለኪያ ሒሳብ ነው እንጂ የልጁ ደኅንነት አይደለም። ቀደም ሲል በጋብቻው ታሪክ ያየነው ችግር፣ ጥቅም ያለው ሰው ፈራጅ መሆኑ፣ እዚህም ተደግሟል።

ጉዳዩ ቅንጦት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 (እ.ኤ.አ.) ዘገባው በኢትዮጵያ ከ100,000 ሰው 26.7 ያህሉ በዓመት በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቷል፤ በዓለም ደረጃም ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን በመግደል ቀዳሚው የመንገድ አደጋ መሆኑን ገልጿል። የደኅንነት ቀበቶ በደንብ ቁጥር 208/2003 ወደ ሕጋችን ገብቷል። በብዙ የሕዝብ ማመላለሻዎች የኋላ ወንበር ላይ ግን ቀበቶው ራሱ የለም፤ ስለዚህ በእነርሱ ዘንድ መቅደም ያለበት ቀበቶ ማስገጠም ነው። በቤት መኪና በኩል ሁኔታው እየተለወጠ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የሚገቡት አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች የኋላ ወንበሮቻቸው ሦስት ጫፍ ባለው ቀበቶ የተሟሉ ናቸው። ቀበቶው መጥቷል፤ የሚቀረው በትክክል መጠቀሙ ነው።

ለወላጆች የምለው አጭር ነው። ወደ ከፍ ማድረጊያው ለመሸጋገር አትቸኩሉ፤ ልጁ የራሱ ማሰሪያ ያለው የሕፃን መቀመጫ ካለው፣ አምራቹ የወሰነው ቁመት ወይም ክብደት እስኪሞላ በዚያው ይቆይ። ከፍ ማድረጊያው ሦስት ጫፍ ያለው ቀበቶ ይፈልጋል፤ የዳሌ ቀበቶ ብቻ ባለበት ወንበር አይሆንም። ጋቢ አጣጥፎ ወይም ትራስ አድርጎ ማስቀመጥም አይተካውም፤ በግጭት ጊዜ ይጨመቃል፣ ከሥሩም ይንሸራተታል።

ልጁ ከፍ ማድረጊያውን ለመተው መድረሱን ለማወቅ በዚያው መኪና ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ አምስት ነገር ተመልከቱ። ጀርባው ድጋፉን ይነካል ወይ? ጉልበቱ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ይታጠፋል ወይ? የታችኛው ቀበቶ ሆዱን ትቶ ታፋውና ዳሌው ላይ ያርፋል ወይ? የላይኛው አንገቱን ሳይነካ በትከሻው መካከል ያልፋል ወይ? ጉዞው እስኪያልቅ እንዲሁ ሳይንሸራተት መቀመጥ ይችላል ወይ? ከአምስቱ አንዱ ከጎደለ ልጁ አልደረሰም። ወንበር ከወንበር ስለሚለያይም በአንዱ መኪና የደረሰ ልጅ በሌላው ላይደርስ ይችላል። እርካቡን አስታውሱ፤ የምንመለከተው የልጁንና የመሣሪያውን መገጣጠም ነው። ከፍ ማድረጊያ ማግኘት ያልቻለም ቢሆን ልጁን በኋላ ወንበር፣ ከጭን አውርዶ፣ በቀበቶ ይሰረው፤ የትከሻውን ቀበቶ በብብት ሥር ወይም ከጀርባ ኋላ አያሳልፍ።

ሕግ ለሚጽፉ የምለው ደግሞ የሚከተለው ነው። ዋናው መለኪያ ቁመት ይሁን፤ ዓመት ቢገባ እንኳ አጭሩን ልጅ የሚያስወጣ በር አይሁን። «ወይም» በሚባልበት ቦታ «እና» ይባል። ቁመት ለትራፊክ ፖሊስም ለወላጅም የሚታይ ነው፤ የልደት ወረቀት በሌለበት መንደር እንኳ በግድግዳ ላይ በተሰመረ መስመር ይለካል። ጥቅም ያለው ሰው እንደ ፍላጎቱ ሊለጥጠውም አይችልም። ስለዚህ የአካልን ሐቀኝነትና የቁጥርን ጽናት አንድ ላይ ይዟል።

አባቶቻችንና እናቶቻችን «ደረሰ» ከማለታቸው በፊት ዛላውን በመዳፋቸው ያሹ ነበር። ከእኛ የሚጠበቀውም ቀበቶውን ከማሰራችን በፊት የልጁን ጉልበት፣ ዳሌና ትከሻ መመልከት ነው።